ሰንጋና ባል በአንድ ሚዛን

ሰው በሬ ሲገዛ ጥርስ ያያል፣ ሻኛ ይጨብጣል፣ ጎን ይዳብሳል፣ ዙሪያውን ደጋግሞ ይዞራል፤ ሻጩንም «የማን ልጅ ነህ?» እስከ ማለት ይደርሳል። ያው ሰው ጡንቻ ያወጣል የተባለ ዱቄት ሲገዛ ግን የሚያየው ጣሳው ላይ የተለጠፈውን ፎቶ ብቻ ነው። ለምን ይሆን? እያልኩ ብዙ ተጨንቄአለሁ። የደረስኩበት ነገር ቢኖር በሬ ይዋጋል፣ ጣሳ ግን አይዋጋም የሚል ነው። ሰው የሚጠነቀቀው ቀንድ ካለው ነገር ብቻ ነው።

ይህን የምለው ሰው ለማማት እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ማማቴ አይቀርም፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። ሥራዬ ነው። ጂንካ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የከብት መኖና ማድለብ ባለሙያ ነኝ። ጠቅለል ሲል፣ ከሲታ ወይፈን ሰንጋ እስኪሆን መከታተል ነው እንጀራዬ። በዚህ ሥራ ላይ ጸጉሬ ሸብቷል። ስንቱ ተአምረኛ መኖ ነው ቢሮዬ ድረስ የመጣው! አንዱ ቅጠል ቀጥቅጦ፣ አንዱ አፈር በጥብጦ፣ አንዱ ደግሞ ስሙ የማይነበብ ከረጢት ተሸክሞ ይመጣና «ይሄን የበላ በሬ በሳምንት ቆዳው አይበቃውም» ይለኛል። እኔ ለሁሉም አንዲት ጥያቄ ነው ያለችኝ፤ «ካልበላው በሬ ጋር አስተያይተኸዋል?» እላለሁ። ይህች ጥያቄ ስንት ወዳጅ አሳጥታኛለች መሰላችሁ! ጎረቤቴ አንድ ቀን ዶሮዋ አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ ካሰረች ወዲህ እንቁላል በእንቁላል እንደሆነች ነገረችኝ። እኔም ክፋት ሳይኖርብኝ «ያላሰርሽላትስ ዶሮ?» አልኳት። ሌላ ዶሮ የላትም። ይኸው እስከ ዛሬ ሰላምታዋ እንደቀዘቀዘ ነው።

አሁን ወደ ባሌ ልምጣ። መልካሙ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የአሪ ልጅ ነው፤ ከጂንካ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ጎደሬና ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር እየበላ፣ ዳገት እየወጣና እየወረደ ያደገ፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ታዲያ የወንድ ልጅ ዕድሜ አርባን ሲሻገር አንድ የማይቀር መቅበጥበጥ አለ። የሌላው ባል ቢራ ቤት ይሄዳል፤ የኔው ብረት ቤት ሄደ።

ጂሙ ያለው ከድሮው አውሮፕላን ሜዳ ወረድ ብሎ ነው። ግማሹ ብረት የመኪና አክስል ነው፤ ግማሹ ደግሞ በወተት ጣሳ ተሞልቶ የደረቀ ሲሚንቶ። በዚህ አልስቅም፤ ሲሚንቶም ቢሆን ሸክም ሸክም ነው። የጂሙ ባለቤትም አሠልጣኙም አንድ ሰው ነው፤ ኮች ቢኒ ይሉታል። ቢኒ ክፉ ልጅ አይደለም። ሳቂታ ነው፣ ትጉህ ነው፣ ደረቱ ከእሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ችግሩ የሚሸጠውን ነገር ራሱ ያምናል። አውቆ የሚዋሽ ነጋዴ ሲነቁበት ያፍራል፤ አምኖ ለሚሸጥ ነጋዴ ግን መድኃኒት አልተገኘለትም።

አንድ ቀን መልካሙ ባልዲ የሚያህል ጥቁር ጣሳ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጣና ምግብ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠው። ጣሳው ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አለ። አንዱ ትከሻው የወደቀ፣ ሆዱ የተንጠለጠለ፣ ዘመድ የሞተበት የሚመስል ሰው ነው። ሌላው ዘይት የተቀባ፣ የሚያበራ፣ ጡንቻው በጡንቻ ላይ የተደራረበ። ያው ሰው ነው ይላሉ። መብራቱ፣ ዘይቱና ትንፋሽ ውጦ መቆሙ የሠሩትን ሥራ ሁሉ ለዱቄቱ ሰጥተውታል። ከሥሩ በትልልቁ «በሁለት ሳምንት! በሳይንስ የተረጋገጠ!» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ማን አረጋገጠው? በማን ላይ? ከምን ጋር ተስተያይቶ? ጣሳው ዝም ነው። እኔ ደግሞ ልማዴ ነው፣ ከረጢት ስይዝ ፊቱን ሳይሆን ጎኑን ነው የማነበው። በጎኑ፣ ያለ መነጽር በማትታይ ፊደል፣ ዱቄቱ የሚሠራው ከተከታታይ የሰውነት እንቅስቃሴና ከተመጣጠነ ምግብ ጋር ሲወሰድ እንደሆነ ተጽፏል። እንዲህማ ከሆነ ድንጋይም ከበግ ሥጋ ጋር ቢቀቀል ይጣፍጣል!

ግፍ እንዳይሆንብኝ አንድ ነገር ልናገር። ዱቄት ሁሉ ውሸት ነው አላልኩም። ከወተት የሚወጣው ፕሮቲን ምግብ ነው፤ እንቁላልና ባቄላ የሚሠሩትን ይሠራል። በብዙ ሰው ላይ ተደጋግመው ተፈትነው፣ ብረት ለሚገፋ ሰው ትንሽ አቅም እንደሚጨምሩ የታወቁም አሉ። ትንሽ ነው ያልኩት። የሚገርመው፣ የሚሠራው ነገር ሲያወራ ትሑት ነው፤ የማይሠራው ነው አንበሳ አደርግሃለሁ እያለ የሚፎክረው። ይኼኛው ጣሳ ጭራሽ ውስጡ ምን ምን ያህል እንዳለበት እንኳ አይናገርም፤ «ልዩ ቅይጥ» ብሎ አልፎታል። «ልዩ ቅይጥ» የሚል ከረጢት ቢሮዬ ቢመጣ ለጠላቴ ፍየል አልሰጠውም።

ይህን ሁሉ ለመልካሙ አስረዳሁት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ቤት መጣና ሽሮውን ሳይነካ ዱቄቱን በብርጭቆ በጥብጦ ቆሞ ጠጣ። ቆሞ! እኛ ከተጋባን ጀምሮ ምሳ አብረን ነው የምንበላው፤ እሱ ስለ ተማሪዎቹ፣ እኔ ስለ በሬዎቼ እያወራን። ወሬው ብዙም አይለያይም። የዚያን ቀን ግን አፉን ጠረገና «ኮች ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ሚስትህ የምታውቀው ስለ በሬ ነው፤ ስለ ሰው ምን ታውቃለች?› አለኝ» ብሎ ሳቀ።

ሳቀ እኮ ነው የምላችሁ! ኮቹ ቢል ግድ የለኝም፤ ነጋዴ ነው፣ ይበል። የሳቀው ግን የራሴ ሰው ነው። በጣም ከፋኝ። ዕድሜዬን ያፈሰስኩበት ሙያ በገዛ ቤቴ ከአንድ ጥቁር ጣሳ አንሶ ተገኘ። ሳህኑን አንሥቼ ጓዳ ገባሁና እዚያ ቆሜ ለራሴ ማልኩ፤ ይህ ሰው ሳቁን መልሶ ይውጣታል። በክርክር እንደማይሆን ግን አውቃለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል፣ ወረቀቱ ጣሳ ላይ ሲለጠፍማ አስቡት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ጂም ሄድኩ። ኮች ቢኒ ገና ሲያየኝ «ማዘር፣ ስፖርት ሊጀምሩ ነው?» አለኝ። ማዘር! ይህንንም ቻልኩት። «ልጄ፣ ዱቄትህን ልንፈትነው ነው» አልኩት፤ በሬ እንደምንፈትነው አድርገን፣ የሚጠጣውን ከማይጠጣው ጋር አስተያይተን። ውላችን በሰው ሁሉ ፊት ተነገረ። ዱቄቱን የጠጡት ካልጠጡት በግልጽ በልጠው ከተገኙ፣ እኔ ሰው መሐል ቆሜ «የማውቀው ስለ በሬ ብቻ ነው» እላለሁ። ካልበለጡ ግን መልካሙ ሰው መሐል ቆሞ «ሚስቴ ታውቃለች» ይላል። ቢኒ ከደስታው ብዛት ዱቄቱን በነፃ አቀርባለሁ አለ። እዚያው ብረት ሲገፋ የነበረው መልካሙም ያለምንም ማቅማማት እሺ አለ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ስምንት ሰዎች ፈቃደኛ ሆኑ። ባሌ አንዱ ነው። ሌላው ወሌ ነው፤ ቱሪስት ይዞ ኦሞ ወንዝ ዳር ወዳሉት መንደሮች ኮልቾና ዱስ የሚመላለስ የበና ልጅ፣ ረጅምና ቀልደኛ። ቀጭኑን ከቀጭን፣ ደልደል ያለውን ከደልዳላ ጋር አጣመድኳቸውና ከየጥንዱ ማን የትኛው ወገን እንደሚገባ ዕጣ አወጣን። በዕጣ ያደረግነው ለምን ይመስላችኋል? ምርጫው ለሰው ከተተወ ጎበዝ ጎበዙ ወደሚወደው ወገን ይሄዳላ! ግማሹ የጣሳውን ዱቄት ይጠጣል፤ ግማሹ ደግሞ እኔ ያዘጋጀሁትን በሶ፣ ማለት የተቆላ ገብስና ኦቾሎኒ ተፈጭቶ፣ ስኳርና ካካዎ ተጨምሮበት፣ መልኩም ጣዕሙም ከጣሳው እስኪመሳሰል ድረስ። በቡድን በቡድን ከረጢት ተሞላ፤ አንዱ ቡድን በአረንጓዴ ክር፣ ሌላው በቀይ ክር ታሰረ። የትኛው ክር የትኛው ዱቄት እንደሆነ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አለቃዬ አቶ ደምሴ። ከረጢቶቹን የሞላቸውም ያሰራቸውም እሱ ነው። እኔም እንዳላውቅ ለምኜው ነው። እኔም ሰው ነኝ፤ ባወቅኩት ኖሮ ሚዛን ሳነብ ዓይኔ ወደሚወደው ያዘነብል ነበር።

አንድ ሕግ ደግሞ አወጣሁ፤ ማንም ሰው ምግብ መዝለል አይችልም። ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት፣ በየቤቱ። ቢኒ ሳያስተውል እሺ አለ። እንዲህ አድርጌ ባሌን ገና ፈተናው ሳይጀመር ወደ ምሳው መለስኩት። የቀረችኝ ያቺ ሳቅ ብቻ ነበረች።

የጂሙ ሚዛን ለሰው ሁሉ ደስ የሚለውን ስለሚናገር መመዘኛው የኛ መሥሪያ ቤት ግቢ ሆነ። የኛ ሚዛን ፍየልና በግ የሚመዘንበት ነው፤ ዙሪያው በብረት ፍርግርግ የታጠረ፣ በር ያለው። ወንዶቹ ተራ በተራ አጎንብሰው ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ይወጣሉ። መጀመሪያ ላይ አንዱ ፍየል ፍየል ይሸታል ብሎ አንገራግሮ ነበር። ወሌ «አንተ ገብተህ ስትወጣ ፍየሏም እንደዚያ ትላለች» ብሎ አስገባው።

የሁለት ወሩ ሥራ ተጀመረ። ሁሉም እኩል ብረት ይገፋሉ፣ ዱቄታቸውን ይጠጣሉ። የመልካሙ ክር አረንጓዴ ነው። ሳምንትም ሳይሞላው «ደሜ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሮጥ ይሰማኛል» ይለኝ ጀመር። እኔም «ይሩጥ» እላለሁ። መስታወት ፊት መቆም አበዛ። መዝሙር እየዘመረ እንኳ ክንዱን ሰረቅ አድርጎ ያያል። ወር አልፎ ሁለተኛው ሲጋመስ ደግሞ እውነትም ትከሻው ሞላ፣ የሸሚዙ ቁልፍ አልገጥም አለ። አልዋሽም፣ የኔም ዓይን እዚያው ትከሻ ላይ ማረፉ አልቀረም። ደስ ካለኝ በኋላ ነው ፍርሃቱ የመጣው። አረንጓዴው የጣሳው ዱቄት ከሆነስ? ጂም መሐል ቆሜ የምለውን እያሰብኩ ሽንኩርት ስከትፍ እጄን ቆረጥኩ።

የመጨረሻው የመመዘኛ ቀን በጠዋት ሁሉም ግቢያችን ተሰበሰቡ። አቶ ደምሴም ምስጢሩን ይዞ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን ገና ሲገቡ አንድ ነገር ዓይኔን ወጋው። የአረንጓዴ ክር ሰዎች አካሄዳቸው ከብዷል። ሆዳቸው ከበሮ ሆኗል። አንዱ ሽንት ቤቱ የት ነው ይላል። ኮች ቢኒ ደግሞ «ማዘር ቶሎ እንመዝን፣ ልምምድ አለብን» እያለ ያጣድፈኛል።

ይህችን ጥድፊያ አውቃታለሁ። አልዱባ ከብት ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። አንዳንድ ነጋዴ ሊሸጠው ያሰበውን በሬ ሌሊት ጨው ያልሰዋል፤ ጠዋት ውሃ ላይ ይለቀዋል። በሬው ሲጠጣ፣ ሲጠጣ ጎኑ ይሞላል፣ ያላየ ሰው የደለበ ይመስለዋል። ሻጩም «ቶሎ በል፣ ሌላ ገዢ አለኝ» ይላል። የነቃ ገዢ ምን ያደርጋል? ጥላ ይፈልጋል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ያወራል። ፀሐይ ከፍ ስትል በሬው የጠጣውን ይሸናል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እኔም ተረጋግቼ «ዛሬ የምንመዝነው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ እስከዚያ ማንም ሰው ምንም አይቀምስም። ሽንት ቤቱ ያው እዚያ ጋ ነው» አልኩ። ቢኒ ፊቱ ተለዋወጠ። ወሌ ግን አንዴ ሆዱን፣ አንዴ ቢኒን አየና ሳቁን ለቀቀው። «ገባኝ! ገባኝ! አባቴ እንዲህ ያለ በሬ አልዱባ ገዝቶ ነበር። ቤት ሲደርስ በሬው ግማሽ ሆነ! ዛሬ ጠዋት ኮች ጨው የበዛበት ቆሎ ሰጠን፣ ከዚያ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ውሃ ጠጣ አለ። እኔ የሰው አገር ሰው ሳስጎበኝ እውላለሁ፣ እኔ በሬ ሆንኩ!» እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ። ለካስ ቢኒ ከረጢቶቹን አሽትቶ «የኔ የጣሳው ዱቄት አረንጓዴው ነው» ብሎ ደምድሟል፤ ስለዚህ የአረንጓዴዎቹን ጎን በውሃ መሙላቱ ነው። ባሌም ለሰው እንቢ ማለት ስለማያውቅ በሰላም ቆሎውን ቆርጥሞ፣ በሰላም ውሃውን ጠጥቶ መጥቷል። ዓለምን በካርታ ያስተምራል፣ ሆዱ ውስጥ የገባውን ሐይቅ ግን አላየውም።

እኩለ ቀን እስኪሆን ከዛፉ ሥር ተቀመጥን። ወደ ሽንት ቤት የነበረው ሰልፍ የስኳር ሰልፍ ይመስል ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ አንድ በአንድ ወደ ፍየሉ ሚዛን ገቡ። ቁጥሩ ተነበበ፣ ከመጀመሪያው ተቀነሰ፣ ተደመረ። አረንጓዴና ቀይ የጨመሩት እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ አንድ እፍኝ ቆሎ ቢያህል ነው። ሁለቱም ወገን ጨምሯል። የሁለቱም ትከሻ ሞልቷል።

ከዚያ አቶ ደምሴ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ የዞን ስብሰባ እንደሚከፍት ሰው ግራና ቀኝ አየና «አረንጓዴው በሶ ነው» አለ።

ቀስ በቀስ ነው ለሁሉም የገባቸው። ኮች ቢኒ ውሃ የሞላው የኔን በሶ ጠጪዎች ነው! ያን ጠዋት ቸኩዬ እንዳለው መዝኜ ቢሆን በሶው ጣሳውን በሰፊ ልዩነት ዘርሮት ነበር። ከዚያ ውርደት ያዳንኩት እኔው ነኝ፤ እስከ ዛሬ አላመሰገነኝም። ባሌ ደም ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ ሲሮጥ የነበረውም የጓዳዬ ገብስ ነው።

እርግጥ ነው፣ ከስምንት ሰው ላይ ትልቅ ሳይንስ አይታፈስም። ሐቀኛ ባለሙያ ስምንት ሰው ከሚናገረው በላይ አያናግራቸውም። ዱቄቱ ትንሽ ነገር ቢጨምር ኖሮ እኔ ላላየው እችላለሁ። ግን ጣሳው የፎከረው ትንሽ ነገር አይደለማ! በሁለት ሳምንት ሰው የሚለውጥ ተአምር ነው ያለው። ያን የሚያህል ተአምር ደግሞ ስምንት ሰው መሐል መደበቂያ አያገኝም።

መልካሙ ውሉን አልረሳም። ከሚዛኑ አጠገብ ቆመና፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማስታወቂያ በሚናገርበት ድምፁ፣ «ሚስቴ ታውቃለች። ስለ በሬም ታውቃለች፣ ስለ ሰውም ታውቃለች። እኔ ስቄ ነበር፤ መሳቅ አልነበረብኝም» አለ። ትሕትና መልካም ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ቤት ረስቼው ነበር የመጣሁት። እዚያው ፍየል ግቢ ውስጥ፣ አለቃዬ ፊት፣ እልል አልኩ! ወሌ በበናኛ መዝፈን ጀመረ። ቢኒም መቼም ልቡ ንጹሕ ነው፣ መጥቶ እጄን ጨበጠና የበሶውን አሠራር ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሥራውን የሠራው በሶውም እንዳልሆነ፣ ብረቱና ሦስቴ መብላቱ እንደሆነ አብሬ ነገርኩት። ያችን የመጨረሻዋን ግን ማንም አልሰማኝም፤ በሳምንቱ ጂንካ ገበያ ላይ የገብስ ዋጋ ጨመረ።

ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ የመሥሪያ ቤታችን የሩብ ዓመት ግምገማ ደረሰ። ከበላይ አካል እንግዳ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። አቶ ደምሴ ሪፖርቱን እያነበበ «የደለቡ ከብቶች» ላይ ሲደርስ ዕቅዳችንን ማለፋችንን ተናገረ። እንዴት አለፍን? ስከታተል የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እንደሚጎድለን አውቃለሁ። በጣቴ ቆጠርኩ። የተጨመሩት ስምንት ናቸው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «አቶ ደምሴ፣ እነዚህ ስምንቱ…» ስለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በኛ ሚዛን አልተመዘኑም? በኛ ባለሙያ ክትትል አልተደረገላቸውም? ክብደት አልጨመሩም?» አለኝ። ሦስቱም እውነት ነው።

እንግዳው ብዕሩን አነሣና «ጥሩ አፈጻጸም ነው። ግን እነዚህ ስምንቱ ለገበያ ሳይቀርቡ የቀሩት ለምንድን ነው? ባለሙያዋ ታብራራልን» አለ። ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ፤ ነጠላዬን አስተካከልኩ። «ስለ ሰባቱ መልስ የለኝም። አንዱን ግን አልሸጠውም፤ ለዘር ይዤዋለሁ» አልኩ።

እንግዳው በጣም ደስ አለው። «ይሄ ምርጥ ተሞክሮ ነው፤ ተቀምሮ ወደ ሁሉም ወረዳዎች ይስፋፋ» ብሎ መመሪያ ሰጠ። በሥራ ዘመኔ የበላይ መመሪያ አልቀበልም ብዬ እጄን ያወጣሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።